ሊቀ ኮርቻ ክሳቨርና የሮስቪታ ሞተር

ሞተረኛ ባለበት አገር ሁሉ፣ ሌላው ሰው ሞተሩ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ካላዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው አንድ ሽማግሌ አይጠፉም። ፍጥነቱ አይገዳቸውም። ቀለሙ፣ የሞተሩ ጉልበት፣ የጭስ ማውጫው ጩኸት ጉዳያቸው አይደለም። እሳቸው የሚያዩት የጉልበትዎን መታጠፍ፣ የክርንዎን መንጠልጠል፣ የወገብዎን መጉበጥ ነው። አይተው ዝም ቢሉ ደግሞ አንድ ነገር ነበር።

በእኛ ከተማ፣ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ፣ ይህን ሹመት ይዘው የኖሩት ክሳቨር ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሶፋና ወንበር ሲያለብሱ ስለኖሩ፣ የሰው ልጅ መቀመጫ ያለ አግባብ ሲንገላታ ዝም ብለው ማየት አይሆንላቸውም። የሞተረኞች ማኅበራችን "ሊቀ ኮርቻ" የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙ የወጣው ለሹፈት ነበር፤ እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ማዕረግ ተቀበሉት። ሹፈቱ እዚያው ላይ ከሸፈ።

ከጃኬታቸው ኪስ የልብስ ሰፊ ሜትርና ጠርዙ ያለቀ ደብተር አይጠፋም። በደብተሩ ውስጥ ባለፉት ሃያ ዓመታት የወጣ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ሁሉ ተለክቶ ሰፍሯል፤ መቀመጫው ከመሬት ስንት እንደሚርቅ፣ መሪው ከትከሻ፣ የእግር መርገጫው ከዳሌ። ከጎኑ ፍርዳቸው አለ። "ወገብ ያሳርፋል፤ ግን ቁልቁለት ላይ ሰውን ወደ ፊት ያንሸራትታል።" "ንፋሱን ከደረት አንስቶ አገጭ ላይ ይጥላል።" "ሁሉ ነገሩ ግሩም ነው፤ ለቀጭኔ።" ስለ አንዱ በጣም ውድ ሞተር ደግሞ ሁለት ቃል ብቻ ጽፈዋል፦ "ለጠላትም አይስጥ።"

ከሁሉ የከፋው መጋቢት ነው። በረዶው ሲሸሽ ሰው ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በጂንስ ሱሪ ወደ ሞተር መሸጫው ይጎርፋል። አንዱ ላይ ይወጣል፣ መሪውን ግራና ቀኝ ያዞራል፣ "እንደ ሶፋ ነው!" ይላል፣ ይወርዳል፣ ይፈርማል። ከዚያ በሐምሌ እስከ ኖርዌይ ጫፍ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ሊነዳበት ነው። ክሳቨር ይህን ስህተት እንደ ግል በደል ያዩታል። "አምስት ደቂቃማ ሚስማር ላይም ይቀመጣሉ!" ይላሉ ከመሸጫው ጥግ። ገዢውን ሄልሜትና ጓንት አስለብሰው፣ የጉዞ ልብሱን ሙሉ አስደርበው፣ በቆመ ሞተር ላይ ሁለት ሰዓት ያስቀምጡታል። እሳቸው አጠገቡ በርጩማ ስበው፣ ቅቤ የተቀባ ብሬትሰል ዳቧቸውን እየገመጡ፣ በየሩብ ሰዓቱ "አሁንስ?" ይላሉ።

አንድ ጊዜ አንድ የጥርስ ሐኪም ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ ወሬ አቆመ። ሰባኛው ደቂቃ ላይ ሊወርድ ሲሞክር ግራ እግሩ አልታዘዝ አለው። ሁለት ሰው ደግፎ አወረደው፤ ምንም ሳይገዛ እያነከሰ ሄደ።

"ክሳቨር፣ ስለ ፈጠረህ" አለ ባለ መሸጫው፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ እንኳ ቤትህ ዋል።"

"ሰው የሚሳሳተው ቅዳሜ አይደል እንዴ? ማክሰኞ መጥቼ ምን ላደርግ?"

ደግሞ ሌላ ሰው የማይጠይቀውን ይጠይቃሉ። ከማኅበራችን አባላት አንዱ የብርዱን ወራት ሙሉ አሥራ አራት ሞተር ሲያወዳድር ከርሞ፣ ባለ ቀለም ሠንጠረዥ ሠርቶ መጣ። ክሳቨር ሠንጠረዡን ወደ ጎን ገፉና ከኋላው ወደ ቆመችው ሚስቱ ዞሩ።

"አንቺስ፣ ከኋላ እንዴት ነው?"

"እኔማ የኦስትሪያን ድንበር ካለፍን በኋላ እግር የሚባል የለኝም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።"

ባል ደነገጠ። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ሠንጠረዡ ተቀደደ፣ ሌላ ሞተር ተገዛ፣ ሚስቲቱም ገና በመጣ ቁጥር ለክሳቨር ኬክ ትልካለች። እንዲህ ያለው ድል ደግሞ ሰውን ያበላሻል። የትራፊክ መብራት ላይ የቆመ የማያውቁትን ሆላንዳዊ ሄልሜቱን አንኳኩተው "የፍሬኑን እጀታ ዝቅ አድርገው፤ የእጅህ አንጓ ሊሰበር ነው!" ብለውታል፤ ሰውየው ፖሊስ መስሎት መንጃ ፈቃዱን አወጣ። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ሞተሮቻችንን ጠበል የሚረጩት ቄስ እንኳ አላመለጧቸውም። "አባ፣ የሚረጩበት ክንድ በጣም ወጥቷል፤ ነገ ትከሻዎን ያምዎታል" አሏቸው። በማግሥቱ ቄሱን ትከሻቸውን አመማቸው፤ እስከ ዛሬ ይቅር ያሏቸው አይመስልም። "ጉልበት አይዋሽም" የሚለውን ቃላቸውንማ የከተማው ሰው በሰርግም በቀብርም ሰምቶታል።

ስለዚህ ከእሳቸው የሚሸሽ ሰው ሞልቷል። ግራጫዋ ሞተራቸው ብቅ ስትል፣ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ዱብ ዱብ ብሎ ይወርድና የጫማውን ማሰሪያ ማጥበቅ ይጀምራል። እንደ ሮስቪታ አጥብቆ የሸሸ ግን የለም።

ሮስቪታ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ነው፤ "ዘንድሮ ገጠሙልሽ" ብለው ይቀልዱባታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሞተር ነድታለች። ባለፈው መስከረም ከጣልያን ብቻዋን ስትመለስ፣ ከተራራው አናት ላይ ካለው ቡና ቤት ፊት ለፊት ልትቆም ፍሬን ያዘች። እንደ ሁልጊዜው ግራ እግሯን ወደ መሬት ሰደደች። እግሯ መሬት አላገኘም። ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሞተር ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ከነእሷ ተጋደመ። በረንዳው ላይ ሾርባ ይጠጡ የነበሩ አርባ ያህል ሰዎች ማንኪያቸውን አየር ላይ አቁመው አዩ። የአንገቷ ሥር አጥንት ተሰበረ። ሞተሩን የመንገድ እርዳታ መኪና ጭኖ አመጣው፤ ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ከረመ።

ለጠየቃት ሁሉ "ጠጠር ነው ያንሸራተተኝ" አለች። ጠጠር አልነበረም። አስፋልቱ ደረቅ፣ ቀኑም ብራ ነበር። ሰው ግን ደግ ሆነባት፤ የጎዳትም ደግነቱ ነው። "በእኛ ዕድሜ እኮ፣ ሮስቪታ..." ይሏታል፣ ነገሩን ሳይጨርሱ። እህቷ ትራውዴል ባለ ባትሪ ብስክሌት የሚያሳይ ወረቀት ይዛላት መጣች። "አየሽ፣ ቅርጫት እንኳ አለው!" አለቻት። ሮስቪታ ቅርጫቱን አየችና ሳምንት ሙሉ እህቷን አኮረፈቻት፤ የቅርጫቱ ወሬም ከተማውን አዳረሰ።

አጥንቱ በስምንት ሳምንት ገጠመ። የማይገጥም የመሰላት ሌላው ነበር። ያ እግር ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መሬቱ የት እንዳለ ሳይጠየቅ ያውቅ ነበር፤ አሁን ካላወቀ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው፣ አለች ለራሷ። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም።

ሌላው ሰው "ዳንሽ?" ብሎ ይበቃዋል። ክሳቨር ግን "እንዴት ወደቅሽ?" ብለው የሚጠይቁ፣ ጥያቄውንም እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያወርዱ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሸሸቻቸው። ኅዳር ላይ በሯን ሲያንኳኩ መጋረጃዋን ዘግታ ትንፋሿን ዋጠች። ከገና በፊት መድኃኒት ቤት ድረስ መጡ፤ ከሳል ሽሮፕ መደርደሪያ ኋላ ተደበቀች። ባልደረባዋ "የለችም" አለቻቸው፤ ክሳቨርም የማያስፈልጋቸውን የሳል መድኃኒት ገዝተው ሄዱ። ጥር ላይ ደወሉ።

"ሮስቪታ፣ ስለ መቀመጫሽ ጉዳይ ነበር።"

"መቀመጫዬ ደህና ነው፣ ክሳቨር። ደህና ዋል።" ዘጋችው።

መጋቢት ሲያልቅ ቆረጠች። ታርጋዋ እንደ ብዙዎቻችን ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ብቻ የሚሠራ ነው፤ ሚያዝያ ሳይገባ ይሸጥና ይውጣልኝ አለች። ማስታወቂያ አወጣች። ኒልስ የሚባል የኡልም ከተማ ሰው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት መጥቶ ሊያየው ተቀጣጠሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጨርቁን ገፈፈችና ሞተሩን ወለወለችው። መስታወቱን፣ መሪውን፣ ጎማውን ሳይቀር አብለጨለጨችው፤ መቀመጫው ላይ ግን አልወጣችም። ኒልስ በሰዓቱ ደረሰ። ረጅም፣ ትሑት፣ ደስ የሚል ሰው ነው። እግሩን አሻግሮ ተቀመጠ፤ ፊቱ በራ።

"እንደ ሶፋ ነው!"

"አምስት ደቂቃማ ሚስማር ላይም ይቀመጣሉ!" አለ አንድ ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ።

ሮስቪታ ዓይኗን ጨፈነች። ክሳቨር ናቸው። ማስታወቂያውን ዳቦ ቤት ውስጥ ከሰው ስልክ ላይ አይተው፣ ብሬትሰላቸውን ባንኮኒው ላይ ጥለው መምጣታቸው ነው። ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ሜትራቸውን መዘዙ።

"ቁመትህ ስንት ነው፣ ልጄ?"

"አንድ ከዘጠና ሁለት።"

"ጉልበትህ አገጭህን ሊስም ምንም አልቀረው! አየህ፣ ይሄ መቀመጫ ለአጭር ሰው ተብሎ የተቀነሰ ነው። እስኪ እጅህን ዘርጋ። አልዘረጋኸውም፣ አጠፍከው። ኢንስብሩክ ሳትደርስ ዳሌህ ዕርቅ ይለምንሃል።"

"እኔ ግን ተመችቶኛል..."

"አንተ ትላለህ። ጉልበት አይዋሽም።"

ኒልስ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን አየ። በእርግጥም ከፍ ብሏል። ቀስ ብሎ ወረደ፣ ሮስቪታን አመሰገነ፣ "ላስብበት" አለ። "ላስብበት" በየትኛውም ቋንቋ ትርጉሙ አንድ ነው። መኪናውን አስነስቶ ከመታጠፊያው ተሰወረ።

በማኅበራችን ሽማግሌ ጎረምሳ ሳይባል ሰው ሁሉ አንተና አንቺ ነው የሚባባለው። ሮስቪታ ግን የተናደደች ቀን አንቱ ትላለች።

"አቶ ክሳቨር፣ እርስዎን ማን ጠራዎት?"

ክሳቨር ከሞተሩ ጎን ተንበርክከው ከመቀመጫው ሥር የሆነ ነገር ያያሉ።

"ገበያዬን ዘግተው ምን አገኙ? ይሰሙኛል?"

"እስኪ ተቀመጪበት።"

"አልቀመጥም!"

"ለምን?"

"ስለምፈራ!" ጩኸቷ ራሷን አስደነገጣት። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን መመለስ አልቻለችም። "ጠጠር አልነበረም፣ ክሳቨር። ደረቅ አስፋልት ነበር። እግሬን ሰደድኩ፣ መሬቱ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት የነበረ መሬት! አርጅቻለሁ። በቃ፣ ሰማህ? በደብተርህ ጻፈው።"

ደብተሩ አልወጣም። ክሳቨር ኮፍያቸውን አወለቁና ዝም አሉ። ሮስቪታ እኚህን ሰው ዝም ሲሉ አይታ ስለማታውቅ፣ አመማቸው እንዴ ብላ ጠጋ አለች።

"መሬቱማ ሦስት ሴንቲ ሜትር ርቆብሽ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ያራቅሁት እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"መስከረም ላይ ከትራውዴል ጋር ስትነሱ ነዳጅ ማደያው ጋ አገኘኋችሁ፣ ትዝ ይልሻል? እሷ ከኋላ፣ ሁለት ሣጥን በጎን፣ ቦርሳ በላይ። ሞተሩ በኋላ በኩል ዘጭ ብሎ ነበር። ይቺን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞርኳት፤ የኋላው ሞላ ጠንክሮ ሁለት ሰው ከነጓዙ እንዲሸከም። እህትሽ 'ሊቀ ኮርቻ፣ የኔንም መቀመጫ ለካልኝ' እያለች ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ሄዳችሁ።"

ሮስቪታ ነገሩን አንድ በአንድ አሰበችው። ጣልያን ውስጥ፣ ቦልዛኖ ከተማ ላይ፣ የትራውዴል ልጅ ምጥ ያዛት ተብሎ ተደወለ። ትራውዴል ሣጥኖቹን የሞላውን ጓዟን ሁሉ ይዛ በባቡር ተመለሰች። ጭነቱ የወረደለት ሞተር እንደ ተራገፈ አህያ ቀና ብሎ ነው ተራራውን የወጣው። በመንገድ ላይ ሁለቴ ቆማለች፤ ሁለቱም ቦታ ሜዳ ስለነበር በእግሯ ጣት ተርፋለች፣ ልብም አላለችውም። ተራራው አናት ላይ ግን ቦታው ወደ ግራ ያዘቀዝቅ ነበር።

"'ትራውዴል ስትወርድ መልሺው' ማለት ነበረብኝ" አሉ ክሳቨር። "አላልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ስለፈልፍ ኖሬ፣ ያን ቀን አንዲቷን ነገር ሳልናገር ቀረሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" አንቱታው ተረስቷል።

"ስንቴ መጣሁ! በር ሳንኳኳ መጋረጃ ይዘጋል። መድኃኒት ቤት ስመጣ ጫማሽ በመደርደሪያው ሥር ይታየኛል።"

"በስልክስ?"

"ጀምሬልሽ ነበር እኮ! 'ስለ መቀመጫሽ ጉዳይ' ብዬ..."

"እንደሱ ተብሎ ይጀመራል?"

"ሌላ አጀማመር አላውቅም፣ ሮስቪታ።" ኮፍያቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ። "ደብዳቤም ጽፌ ነበር። 'አጥንትሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ' የሚለውን መልሼ ሳነበው ክፉ ሆነብኝና ቀደድኩት። ዛሬ ልትሸጠው ነው ሲሉኝ ግን አልቻልኩም። በእኔ ጥፋት ከሞተር ልትወርጂ?"

ሮስቪታ በውስጧ ቁጣ ፈለገች። መቆጣት ይገባት ነበር፤ ስምንት ሳምንት ክንዷ ታስሮ፣ ስድስት ወር ተሸማቅቃ ከርማለች። ቁጣው አልመጣ አለ። የመጣው እፎይታ ነበር፤ ከመስከረም ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ሸክም ድንገት ተነሳላት፣ እግሯ ሁሉ ቀለላት።

"እኔ አይደለሁማ!" አለች። "ክሳቨር፣ እኔ አይደለሁም እኮ! ሞላው ነው!"

"ሞላው ነው። ሞላውና እኔ።"

ሳቀች። ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ሳቅ። ክሳቨር የሴት እንባ ሲያዩ የሚያደርጉትን ስለማያውቁ፣ የሚያውቁትን አደረጉ። ተንበርክከው ማዞሪያዋን ወደ ኋላ ይመልሷት ጀመር። ማዞሪያዋ በዞረች ቁጥር ቀጭ ትላለች፤ ሮስቪታ አፍንጫዋን እየጠረገች ቆጠረች። ሃያ ሁለት ጊዜ ቀጭ አለች።

"በይ ውጪ። ቆይ፣ በቤት ጫማ አይሆንም፤ ቦት ጫማሽን አድርገሽ ነይ።"

አድርጋ መጣች። እግሯን አሻገረች። ሞተሩ ከሥሯ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ፤ ድሮ እንደሚያደርገው። የሁለቱም እግሮቿ ጣቶችና የውስጥ እግሯ የፊት ክፍል የጋራዡን ወለል ነካ፤ ጫን ብላ አየችው፣ ወለሉ አልሸሻትም። ክሳቨር ለኩ፣ ደግመው ለኩ። ሦስት ሴንቲ ሜትር ከምናምን ዝቅ ብሏል። ከዚያ ጥግ ላይ የተገለበጠ የቢራ ሣጥን ነበርና እሱ ላይ ተቀመጡ፤ ሳይለኩት፣ ሳይመረምሩት፣ እንዲያው ዝርፍጥ ብለው። ፊታቸውን በኮፍያቸው ጠረጉ።

"ትራውዴልን አንድ ነገር ንገሪልኝ" አሉ።

"ምን ብዬ?"

"ቅርጫቱን ለራሷ ትግዛው።"

ሚያዝያ አንድ ቀን፣ ታርጋዋ መሥራት በጀመረበት ጠዋት፣ ሮስቪታ ክሳቨር ደጅ ቆማ ጡሩምባ ነፋች። የሰፈሩ ሰው በመስኮት አየ፤ ወደ ክሳቨር ቤት በፈቃዱ የሄደ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው ነው። "ተከተለኝ" አለቻቸው። ከከተማው በላይ እስካለችው ትንሽ ቤተ ጸሎት ድረስ ፊትና ኋላ ሆነው ወጡ። እዚያ ያለው ማቆሚያ ክፉኛ ወደ ግራ ያዘቀዝቃል፤ ሆን ብላ የመረጠችው ነው። ፍሬን ያዘች። ግራ እግሯን ሰደደች፤ መሬቱ ተቀበላት። ሞተሩን አጠፋችና እዚያው ተቀምጣ፣ በደንብ አድርጋ ተነፈሰች።

ክሳቨር ደርሰው ወረዱ። አንዴ ዞሯት። ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ። አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙት፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወደ ተራራው በረዶ ማየት ጀመሩ።

"ምንድን ነው?" አለች።

"ምንም።"

"ክሳቨር።"

"ምንም አይደለም አልኩሽ እኮ። ጥሩ ነው። ክርንሽ ብቻ ትንሽ... ግን ተይው፣ ይበቃል።"

እኚህ ሰው እሷን መምከር እንደፈሩ ያን ጊዜ ገባት፤ አንጀቷን በሉት። ሄልሜቷን አወለቀች፣ ፀጉሯን ከጆሮዋ ላይ ወደ ኋላ ገፋችው።

"ከክርኔ ጀምር" አለቻቸው። "እስከ ጫማዬ ድረስ ንገረኝ፣ ክሳቨር። ምንም እንዳትተው።"